በጓሮዬ ያለችው መንደሪን

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ውርጭ እምብዛም የማያውቃት ከተማ በመሆኗ ለመንደሪን ትመቻለች፤ የእኔዋ ችግኝ ግን በራሴ ስሕተት ልትጠፋ ነበር። በኮምጣጣ ብርቱካን ግንድ ላይ የተዳቀለች መሆኗን እያወቅሁ፣ ከተዳቀለችበት ጠባሳ በታች ያቆጠቆጠውን እሾሃም የኮምጣጣ ብርቱካን ቅርንጫፍ «እሰይ፣ አደገች» ብዬ ተውሁት፤ እርሱም ምግቧን እየተሻማ አቀጨጫት። ቆርጬ ከጣልሁት ወዲህ አገግማለች። ውሃውንም ግንዷ ሥር ማፍሰስ ትቼ፣ የቅርንጫፎቿ ጥላ በሚያበቃበት ዙሪያ በቆፈርሁት ቦይ አጠጣታለሁ፤ ግንዱ ዘወትር ከረጠበ ልጡ ይበሰብሳልና። ዘንድሮ ፍሬዋ አረንጓዴ እንደ ሆነ በመቆየቱ ልጆቹ «ገና ነው» ሲሉ፣ አንዱን ልጬ ባቀምሳቸው ማር ሆኖ አገኙት፤ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ የመንደሪን ልጣጭ ውስጡ በስሎም ቶሎ አይቀላም።