ላንግስተን ላይ አራት ሆነን ስንጫወት

ከጓደኞች ጋር ከተጫወትናቸው የጎልፍ ዙሮች እስከ ዛሬ የምናወራቸው ከአሥራ ስምንቱ ሆሎች (ኳሱ ቀዳዳው እስኪገባ የሚመታባቸው የሜዳው ክፍሎች) አሥራ ሰባተኛው ላይ ስንደርስ አሸናፊው ገና ያልለየላቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ዙር በዕድል የሚገኝ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ቲ (የሆሉ የመጀመሪያ ምት የሚመታበት ቦታ) ላይ ከመቆማችን በፊት የሚደረገው ስሌትና ስምምነት ነው የሚያመጣው። ዛሬ ማስፈር የፈለግሁት እሱን ነው። ሜዳው ላንግስተን ስለሆነ ግን መጀመሪያ ስለ እሱ ትንሽ ልበል።

ላንግስተን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ቤኒንግ ሮድ ዳር ያለ የሕዝብ የጎልፍ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ሲከፈት ዘጠኝ ሆል ብቻ ነበረው። ጥቁሮች ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ በሚከለከሉበት ዘመን ለጥቁር ተጫዋቾች ተብሎ የተሠራ ነው፤ እሱም ቢሆን የተገኘው ሮያል የሚባለው የወንዶች ክለብና በ1937 የተመሠረተው ዌክ ሮቢን የሚባለው የሴቶች ክለብ ደጋግመው አቤት ስላሉ ነው። አሥራ ስምንት ሆል የሞላው በ1955 ነው። ስሙን ያገኘው ከቨርጂኒያ ለኮንግረስ ከተመረጠው የመጀመሪያው ጥቁር ከጆን መርሰር ላንግስተን ነው። በ1975 ማስተርስ በሚባለው ትልቅ ውድድር ላይ በመጫወት የመጀመሪያው ጥቁር የሆነው ሊ ኤልደርም ኋላ ላይ ይህን ሜዳ አስተዳድሮታል። እኛ ሐበሾች በዚህ ከተማ ከፍለን ብቻ ያለ ጥያቄ የምንገባበትን በር ያስከፈቱት እነዚህ ሰዎች ናቸው። አዲስ ጓደኛ ይዤ ስመጣ ዱላ ከማስያዜ በፊት ይህን እነግረዋለሁ።

አሁን ወደ ስሌቱ። አራት ሰዎች አሉ እንበል፤ የሜዳ ሃንዲካፓቸው (እንደ ችሎታቸው ከውጤታቸው የሚቀነስላቸው የምት ብዛት) 9፣ 14፣ 20 እና 28 ነው። ስልክ ላይ የሚታየው ቁጥር ኢንዴክስ (ለየትኛውም ሜዳ መነሻ የሚሆነው ቁጥር) እንጂ የሜዳ ሃንዲካፕ አይደለም። ለምትጫወቱበት ሜዳና ለምትመቱበት የቲ ቀለም (ቀለሙ የርቀቱ ምልክት ነው) ተሰልቶ መለወጥ አለበት፤ ሰንጠረዡ ክለብ ቤቱ ውስጥ ወይም ስልኩ ላይ ይገኛል። ለእኛ ዓይነት ቡድን ከሁሉም የሚሻለው ሁለት ለሁለት ሆኖ፣ እያንዳንዱ የራሱን ኳስ እየመታ፣ ከጥንዶቹ የተሻለው ውጤት ብቻ የሚቆጠርበት ጨዋታ ነው። 9 ያለው ከ28 ጋር፣ 14 ያለው ከ20 ጋር ይጣመራል።

ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሃንዲካፑን ልዩነት እንዳለ ይሰጣሉ። ደንቡ 90 በመቶ ነው። ምክንያቱም ሃንዲካፑ ከፍ ያለ ሰው ውጤቱ ይዋዥቃል፦ አንዱ ሆል ላይ ፓር (ለሆሉ የተመደበው የምት ብዛት)፣ ቀጣዩ ላይ ስምንት ምት። ብቻውን ሲጫወት ስምንቱ ይጎዳዋል። በጥንድ ሲሆን ግን ስምንቱን አጋሩ ይሸፍንለታል፣ ፓሩ ደግሞ ይቆጠርለታል። ስለዚህ እያንዳንዱን በ0.9 አባዙና ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አጠጋጉ፤ 8፣ 13፣ 18፣ 25 ይመጣል። ዝቅተኛውን ከየቁጥሩ ላይ ስትቀንሱ 0፣ 5፣ 10፣ 17 ይሆናል። 17 ምት የተሰጠው ሰው የውጤት ካርዱ ላይ ከሁሉም ቀላል ተብሎ የክብደት ቁጥር 18 ከተጻፈበት ሆል በቀር በሁሉም አንድ አንድ ምት ይቀነስለታል። 10 ያለው ከ1 እስከ 10 የክብደት ቁጥር ባላቸው ሆሎች፣ 5 ያለው በአምስቱ ከባድ ሆሎች። ምቱ የት የት እንደሚቀነስ ቲው ላይ ሳይወጣ ካርዱ ላይ በነጥብ ምልክት ይደረግበት። ሆሉ ካለቀ በኋላ «እዚህ ምት ነበረኝ እኮ» ማለት የወዳጅ ጨዋታ የሚያበላሽ ነገር ነው።

ቀጥሎ ይሉኝታ ነው፤ በእኔ እምነት ከአሸዋውም ከውኃውም በላይ የሐበሻን ዙር የሚጎዳው እሱ ነው። ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት ሣሩ አጭር ቦታ) ላይ ኳሱ አንድ ሜትር ቀርቶት «አንሣው፣ አንሣው» ይባላል፤ እንደገባ ቆጥረነዋል ማለት ነው። አንድ ሜትር ቀላል አይደለም፤ ጥሩ አማተርም ይስታል። አንዱ ጋ ተነሥቶ ሌላው ጋ ሲመታ ቅሬታው ሳይነገር ይከማቻል። እንደ እኛው ባለ፣ ሆል በሆል በሚያሸንፉበት የፊት ለፊት ግጥሚያ ምት መተው ሕጋዊ ነው፤ ግን ርዝመቱ አስቀድሞ ይወሰን። እኛ ጋ የሚሠራው የፓተሩ (ግሪን ላይ የሚመታበት ዱላ) መያዣ ልክ ነው፦ ኳሱ ከቀዳዳው ከዚያ ያነሰ ርቀት ላይ ካለ ይነሣል፣ ከበለጠ ይመታል። ጋሼ የምንለው ታላቅ ሰው ቢሆንም እንኳ።

ሁለተኛው የይሉኝታ ወጥመድ ቲው ላይ ነው። ኳሱ ወደ ዛፉ ይገባል፤ ጓደኞች ለማጽናናት «አይጠፋም፣ አየሁት» ይላሉ፤ መቺውም አፍሮ ሁለተኛ ኳስ ሳይመታ ይሄዳል። ከዚያ ኳሱ ይጠፋል። ፍለጋው እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ካለፈ ወደ ቲው ተመልሶ መምታት ግድ ነው፣ ከኋላ ያለው ቡድን ደግሞ ቆሞ እያየ። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ «ፕሮቪዥናል (ተጠባባቂ ኳስ) እመታለሁ» ብሎ በግልጽ መናገርና መምታት። ሳይናገሩ የተመታ ኳስ በሕጉ ጨዋታ ላይ ያለ ኳስ ይሆናል፣ የመጀመሪያው ቢገኝም አያድንም። በወዳጅ ዙር ሌላም መንገድ አለ፦ ያው የ2019 ሕግ ሜዳዎች እንዲመርጡት የፈቀደው፣ ኳሱ በጠፋበት አቅጣጫ ፌርዌዩ (ሣሩ የታጨደው የሆሉ መሐል) ዳር ሌላ ኳስ ጥሎ በሁለት ቅጣት ምት መቀጠል። ከቲ የተመታ ኳስ ከጠፋ ቀጣዩ ምት አራተኛ ነው ማለት ነው። ፕሮቪዥናል ከተመታ ግን ይህ ምርጫ ቀርቷል።

ሦስተኛው «ቅደም»፣ «ኧረ አንተ ቅደም» ነው። በምግብ ጊዜ ያምራል፤ ቲው ላይ ሰዓት ይበላል። አራታችንም ዘጠና ዘጠና ብንመታ 360 ምት ነው። እያንዳንዱ ላይ ሃያ ሰከንድ ብትጨመር ሁለት ሰዓት ሙሉ ትሆናለች። ዝግጁ የሆነ ይምታ። ሌላው እየመታ ሳለ ርቀቱን ለክቶ፣ ዱላውን መርጦ፣ ጓንቱን አጥልቆ ይጠብቅ። ጋሼን ማስቀደም የግድ ከሆነ የመጀመሪያው ቲ ላይ ይቅደሙ፤ እሱ ይበቃል።

ሜዳው ራሱ ዝናብ ሲጥል ሌላ ነው። የላንግስተን ከፊሉ ያረፈው ኪንግማን ደሴት ላይ ነው፤ ደሴቱ ከአናኮስቲያ ወንዝ ተዝቆ በወጣ ጭቃ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ዝቅ ያለ መሬት ላይ ውኃ ቶሎ አይወርድም። በእርጥብ መሬት ላይ ዱላው ከኳሱ በፊት አፈሩን ከነካ ጭቃው ይይዘዋል፣ ኳሱም ጥቂት ሜትር ሄዶ ይቆማል። መፍትሔው በኃይል መምታት አይደለም። ኳሱን ከመሐል ወደ ኋላ በአንድ ኳስ ስፋት አድርጉ፤ ክብደታችሁን ከግማሽ በላይ በፊተኛው እግር ላይ ጣሉ፤ በ8 አይረን (የብረት ዱላ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ርቆ ይመታል) ፋንታ 7 ይዛችሁ ሦስት አራተኛ ብቻ ወዝውዙ። በዌጅ (ለአጭር ርቀት የሚሆነው ዱላ) ከሆነ የታችኛው ሆዱ ሰፋ ያለውን፣ ባውንሱ (ሆዱ ከስለቱ በታች የሚወጣበት ማዕዘን) 12 ዲግሪ ገደማ የሆነውን ያዙ፤ ስለቱ ቀጭን የሆነው ይሰምጣል። ነሐሴ ላይ መሬቱ ሲደርቅ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰፊው ሆድ ነጥሮ የኳሱን ወገብ ይመታል፣ ኳሱም ግሪኑን ዘሎ ያልፋል።

ኳሱ ወድቆ በራሱ ጉድጓድ ከተቀበረ ያለ ቅጣት ይነሣል፣ ይጠረጋል፣ ከጉልበት ከፍታ ይጣላል፤ ከኳሱ ጀርባ ባለው ነጥብ በአንድ ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ቀዳዳው ሳይቀርብ። ሳይቀበር ጭቃ ብቻ ከያዘ ግን አይጠረግም። ጭቃው በቀኝ ከሆነ ኳሱ ወደ ግራ፣ በግራ ከሆነ ወደ ቀኝ የመታጠፍ ጠባይ አለው፤ ዒላማውን በዚያ ልክ ማዛወር ነው።

ግሪኑ ለስላሳ ሲሆን ኳስ ያረፈበት ቦታ ይሰረጉዳል። ይህን መጠገን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ የመጠገኛ ሹካውን ሥር ከትቶ አፈሩን ወደ ላይ ያነሣል። እንዲህ ሲደረግ የሣሩ ሥር ይበጠስና ቦታው ለሳምንታት መላጣ ሆኖ ይቀራል። ትክክለኛው ሹካውን ከጉድጓዱ ጠርዝ ውጭ ሰክቶ ሣሩን ወደ መሐል መግፋት፣ ዙሪያውን አራት አምስት ጊዜ ደግሞ በፓተሩ ታች መደልደል ነው። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ይህን ሃያ ሰከንድ ግን ማንም አይቆጥብ።

አዲስ አበባ ላይ ጎልፍ ተምሮ የመጣ ጓደኛ ካለ አንድ ነገር ንገሩት። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ወደ 9 በመቶ ርቆ ይሄዳል። እዚያ በ7 አይረን 155 ያርድ የሚመታ ሰው ዲሲ ላይ 142 ገደማ ነው የሚያገኘው። ዱላው አልተበላሸም፣ ምቱም አልጠፋበትም። አንድ ደረጃ ርቆ የሚመታ ዱላ ይያዝ። ካልተነገረው ኳሱን ለማድረስ በኃይል መምታት ይጀምርና ነገሩ ሁሉ ይበላሽበታል። እኛም ወደ አገር ቤት ስንሄድ የዚህን ተቃራኒ ማስታወስ አለብን።

ውርርዱ ምሳ ነው፣ ሌላ አይደለም፤ ገንዘብ ሲገባበት ጨዋታው ይቀየራል። ምሳው ዲሲ አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የጾም በያይነቱ፣ ካልሆነ ክትፎ። ሦስት ነጥብ ይደረጋል፦ የፊተኛው ዘጠኝ አንድ፣ የኋለኛው ዘጠኝ አንድ፣ ድምሩ አንድ። ፊተኛውን ክፉኛ የተሸነፉ ጥንዶች አሥረኛው ቲ ላይ አዲስ ስለሚጀምሩ ልባቸው አይሞትም። ከዚህም ጋር አሥራ ስድስተኛው ላይ ሁሉ ነገር ካለቀ ቀሪዎቹን ሁለት ሆሎች ጥንዶቹን ቀያይረን ለቡናው እንጫወታቸዋለን፤ አጋር የመምረጥ መብት የተሸናፊዎቹ ነው፣ ምቶቹም እንደገና አይሰሉም፣ ካርዱ ላይ በነጥብ በታዩበት ይቀጥላሉ።