ደረጃው ላይ የተሰነጠቀው 85 ኢንች

ካርቶኑ ተከፍቶ ቲቪው ሲበራ በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁር ነገር ታየ። ከእሱ ወደ ላይ ደግሞ አራት ቀጫጭን መስመሮች ተሰምረዋል። ፊቱን በእጅ ሲዳስሱት ጭረት እንኳ የለውም፤ የተሰነጠቀው ከውስጥ ያለው ስስ ፓኔል ነው። ባለቤቱ የርክክቡን ወረቀት የፈረሙት ግን ከ20 ደቂቃ በፊት፣ ካርቶኑ ገና በር ላይ ሳለ ነበር። ዋስትናው የፋብሪካ ጉድለትን እንጂ ስብራትን አይሸፍንም፣ ሻጩም ፊርማውን አሳይቶ አልቀበልም አለ።

ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አፓርታማ ነው። ባለቤቱ አንዱን ክፍል ለኳስና ለፊልም ብለው ለዩ፣ ሦስቱን ግድግዳ ተከትሎ መጅሊስ አስነጠፉ፣ ከዚያ 85 ኢንች ገዙ። ከመግዛታቸው በፊት የለኩት ቲቪው የሚሰቀልበትን ግድግዳ ነው። ግድግዳው 3 ሜትር ከ90፣ ስክሪኑ 1 ሜትር ከ88። በዚህ አልተሳሳቱም። ሳይለካ የቀረው ከመኪናው እስከ ክፍሉ ያለው መንገድ ነው።

የ85 ኢንች ካርቶን እንደ ሞዴሉ ጥቂት ቢለያይም ርዝመቱ 2.10 ሜትር፣ ቁመቱ 1.25፣ ውፍረቱ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሕንፃው ሊፍት ውስጡ 1.10 በ1.40 ሜትር ስለሆነ ከማዕዘን ማዕዘን እንኳ 1.78 ብቻ ነው፤ ካርቶኑ አልገባም። በደረጃ ይውጣ ተባለ። ደረጃው ከመደገፊያው እስከ ግድግዳው 90 ሴንቲ፣ መዞሪያውም 90 ሴንቲ ነው። ሁለቱ ስፋቶች እኩል ሲሆኑ መዞር የሚችለውን ትልቁን ርዝመት ለማግኘት ስፋቱን በ2.83 ያባዙና የዕቃውን ውፍረት ሁለት ጊዜ ይቀንሱ። 90 በ2.83 ሲባዛ ወደ 255 ይጠጋል፤ ከዚያ ላይ 44 ሲቀነስ 211 ሴንቲ ይቀራል። ካርቶኑ 210 ነው። አራት ሰው ተሸክሞት፣ አንዱ ወገን ከሌላው ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ ሲሄድ፣ የአንድ ሴንቲ ትርፍ ማለት አያልፍም ማለት ነው።

ሁለተኛው መዞሪያ ላይ ሲጣበቅባቸው ልጆቹ ካርቶኑን እንደ ጠረጴዛ አጋድመው ከመደገፊያው በላይ አሳለፉት። ጉዳቱ የደረሰው እዚያ ነው። ትልቅ ስክሪን ቆሞ ሲሄድ ክብደቱን የሚሸከመው የታችኛው ጠርዙ ነው። ሲጋደም ግን መሐሉ የሚያርፍበት ስለሌለው ይጎብጣል። በዚህ ላይ አንድ ትከሻ ከሥር ሲገባ ኃይሉ በሙሉ እዚያች ቦታ ላይ ይጫናል። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ቀስ ብለን ነው ያወጣነው» አለ አንዱ። እውነቱን ነው፤ ግን የተጋደመ ፓኔልን ቀስ ማለት አያድነውም።

የሁለተኛው ቲቪ ምርጫ የተጀመረው ከሕንፃው መግቢያ ነው። የ75 ኢንች ካርቶን 1.85 ሜትር ርዝመትና 20 ሴንቲ ውፍረት ገደማ ስላለው በዚያው ስሌት መዞሪያው ላይ 30 ሴንቲ ያህል ይተርፈዋል። ሊፍቱ ውስጥ ባይገባም በደረጃው ቆሞ ይወጣል።

ቀጥሎ ርቀቱ ተለካ። ክፍሉ ከቲቪው ግድግዳ እስከ ፊት ለፊቱ 3.30 ሜትር ነው። ሰው መጅሊስ ላይ ተደግፎ ሲቀመጥ ዓይኑ ከኋላው ግድግዳ 50 ሴንቲ ያህል ወደ ፊት ይመጣል፤ ቲቪውም ከነብራኬቱ 10 ሴንቲ ይወስዳል። የቀረው 2.70 ነው። ለፎርኬ (4K) ስክሪን የሚመቸው ርቀት የሰያፉ ልኬት 1.2 እጥፍ እስከ 1.6 እጥፍ ነው፤ ለ75 ኢንች ይህ ከ2.29 እስከ 3.05 ሜትር ይሆናል። ለ85 ኢንች ግን የቅርቡ ጫፍ 2.59 ስለሆነ 2.70 ላይ የተቀመጠ ሰው ድንበሩ ላይ ነበር። እዚህ ቤት በብዛት የሚታየው በዲሽ የሚመጣ ኳስ ነው። የፉል ኤችዲ ሥርጭት አንድ ነጥብ ፎርኬ ስክሪን ላይ አራት ነጥብ ይሸፍናል፤ በቅርብ ሲታይ የተጫዋቾቹ ጠርዝና ሣሩ ይደበዝዛል። ለዚህ ክፍል 75 ትክክለኛው ልክ ነው። 166 በ93 ሴንቲ ተቆርጦ የተያያዘ ጋዜጣ ግድግዳው ላይ አንድ ምሽት ተለጥፎ ከዋለ በኋላ ባለቤቱም አነሰ አላሉም።

የፓኔሉን ዓይነት የወሰነው መጅሊሱ ነው። በጎን ግድግዳዎቹ በኩል የሚቀመጡት ስክሪኑን የሚያዩት በጣም ከጎን ነው። ቪኤ የሚባለው ፓኔል ፊት ለፊት ሲታይ ጥቁሩ ግሩም ነው፣ ከጎን ግን ቀለሙ ይገረጣል። ኦሌድ የሚባለው ከጎንም አይለወጥም፤ ሆኖም የጣቢያው ምልክትና የጎል ሰሌዳው በየቀኑ ለሰዓታት አንድ ቦታ ላይ ሲቆዩ ዱካ ሊተዉበት ይችላሉ። ስለዚህ ከጎን ሲታይ ቀለሙ ብዙም የማይገረጣው አይፒኤስ ፓኔል ተመረጠ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፤ ይህን ለመቀነስ ከቲቪው ጀርባ ደብዘዝ ያለ መብራት ተደረገ። ክፍሉ ለፊልም ብቻ ቢሆንና ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ቢቀመጥ ኖሮ ምርጫው ሌላ ይሆን ነበር።

ቲቪው ሲደርስ የካርቶኑ የታችኛው ክፍል ሳይነሳ፣ ቆሞ፣ ሁለት ሰው ይዞት በራ። ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ጥቁር ምስል ከፍላሽ ላይ ተራ በተራ ታየ። ወረቀቱ የተፈረመው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉም የከበደው ግድግዳው ነበር። ባለ 10 ሴንቲ ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ክፍት። የፕላስቲክ ፊሸር የሚይዘው 3 ሴንቲ የማይሞላውን የብሎኬቱን ከንፈር ብቻ ነው፤ ሲጠብቅ ከንፈሩን ይፈነቅለዋል። ቲቪው 35 ኪሎ ያህል ነው። ባለቤቱ የፈለጉት ወደ ፊት የሚሳብ ብራኬት ነበር፤ ክንዱ 50 ሴንቲ ሲወጣ፣ በላይና በታች ብሎኖች መካከል 40 ሴንቲ ካለ፣ የላይኞቹን ወደ ውጭ የሚጎትታቸው ኃይል ወደ 44 ኪሎ ይደርሳል፤ ያውም ሰው ሲነካው ሳይታሰብ። ለዚህ ግድግዳ አይሆንም ተብሎ ጠፍጣፋው ብራኬት ተወሰደ። ድሪሉ ያለ ምት፣ በማዞር ብቻ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በሳው። ልስኑ በሁለቱም ወገን 2 ሴንቲ ስለሆነ ጠቅላላው 14 ሴንቲ ነው፤ 18 ሴንቲ የሚረዝሙ ባለ 10 ሚሊ ብሎኖች ገብተው፣ በመኝታ ቤቱ በኩል 4 ሚሊ ውፍረት ባለው ላሜራ፣ በሮንዴላና በዳዶ ታሰሩ። ላሜራውን ቁምሳጥን ሸፈነው። ዳዶው ልክ እንደያዘ ማቆም ያስፈልጋል፤ በኃይል ከተጠበቀ ብሎኬቱን ያደቅቀዋል።

ቲቪው ጀርባ ላይ የሚገቡት ብሎኖች ኤም 8 ናቸው። ርዝመታቸው ከመመሪያው ጋር መነጻጸር አለበት፤ የረዘመ ብሎን ውስጡን ሊወጋ ይችላል።

ከፍታው ላይ ክርክር ነበር። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለል 1.10 ሜትር ገደማ ነው፤ መጅሊሱ ላይ ግን ሲለካ 92 ሴንቲ ሆነ። የስክሪኑ መሐል በዚያ ልክ ሲሰቀል የታችኛው ጠርዝ ከወለል 45 ሴንቲ ላይ ያርፋል። «በጣም ወረደ» አሉ ቆመው ሲያዩት። ተቀመጡ፣ ዝም ብለው አዩ፣ አንገታቸውን ማቅናት አላስፈለጋቸውም።

ለመብራቱ ባለቤቱ ትልቅ ስታብላይዘር አስበው ነበር። ቲቪው ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ የቮልቴጅ መውረድን ራሱ ይችለዋል። ያሰጋ የነበረው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከመጠን በላይ የሚመጣው ስለሆነ፣ ከፍ ሲል የሚቆርጥና ለጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ መከላከያ ሶኬቱ ላይ ተደረገ፤ ሪሲቨሩም በዚያው በኩል ተሰካ።