ሀዋሳን በጠዋት

ሀዋሳ ሄዶ እስከ ረፋድ መተኛት ያስቆጫል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሪዞርት ውስጥ ተቀምጦ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። አልፈርድም፤ ድካም አለ፣ ልጆች አሉ። ግን የከተማዋ ደህና ደህናው ነገር የሚያልቀው ከቁርስ በፊት ነው።

እኔ ፀሐይ ሳትበረታ ባጃጅ ይዤ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረድኩ። ጀልባዎቹ ከሐይቁ እየተመለሱ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውን ከእርጥቡ መረብ አንድ በአንድ ያላቅቃሉ፤ ባህር ዳርና ባቱ በብዛት የምትበሉት ዓሣ ነው። አንዱ ልጅ ሲሠራ ቆሜ አየሁት። ጭንቅላቱን በግራ እጁ ይይዝና ከጅራት ወደ ላይ ቅርፊቱን ይፍቃል። ከዚያ በቀጭን ቢላ ከጀርባ አጥንቱ ጎን ሰንጥቆ ሥጋውን ያነሳል፣ ገልብጦ በሌላው በኩል ይደግማል። ዓይኑ ቢላው ላይ አይደለም፤ ከጓደኛው ጋር ስለ ኳስ ይከራከራል። አጥንቱን ሳያይ ወደ ኋላ ይወረውራል፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ደግሞ መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል።

አባ ኮዳን በቅርብ አይታችሁት ካላወቃችሁ ትደነግጣላችሁ። ራሰ በራ ነው፣ አንገቱ ላይ ቀይ ኮረጆ ያንጠለጠለ፣ ቁመቱ ከትልቅ ልጅ የማያንስ። በሰው መሀል ዝም ብሎ ሲመላለስ ኪራይ ሊሰበስብ የመጣ አከራይ ይመስላል። ማንም አያባርረውም፣ እሱም ማንንም አይፈራም።

«ጥሬውን ነው የተጠበሰውን፣ ወንድሜ?» አለችኝ ባለ መጥበሻዋ።

«ጥሬው ይቅርብኝ፣ እህቴ።»

«እንግዲያ ዳጣውን ቅመሰው» ብላ ሳቀች። ቀመስኩ። የሚያቃጥል የበርበሬ ማባያ ነው፤ እንባዬ መጣ። ዓሣው ሁለት ጎኑ ተተልትሎ እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ መጣ፣ ከጎኑ ትኩስ የዓሣ ሾርባ በኩባያ። ጥሬውን በዳጣ የሚወዱ ሰዎች አጠገቤ ሞልተው ነበር፤ እኔ ግን በጥብሱ እጸናለሁ።

አንድ ሸምገል ያሉ ዓሣ አጥማጅ የዘንድሮ ቆሮሶ ማነሱን እያሳዩ አማረሩ። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ጫጩቱን ሁሉ ይጠርጋል አሉ። እውነታቸውን ነው። ሐይቁ ሰፊ አይደለም፣ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ከተማውም እርሻውም የላከው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። የላስቲክ ጠርሙስ የምትጥሉ ሰዎች፣ ይህን አስቡበት።

ጀልባም በጠዋት ይሻላል። ባለ ጀልባዎቹ ራሳቸው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ቶሎ ብትወጡ ይመርጣሉ። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ ደግሞ አትሳፈሩ። ጉማሬ አየን፤ ማለት ጆሮና አፍንጫ አየን። ቀረብ በል ብሎ የሚጎተጉት ተሳፋሪ ነበር፣ ባለ ጀልባው እንዳልሰማ ሆነ። ጎበዝ።

ጉሬዛ ለማየት የትም መሄድ አያስፈልግም፣ አሞራ ገደል ዛፎቹ ላይ አሉ። ጦጣዎቹ ግን ከእጅ ይነጥቃሉ፤ ሙዝ ይዛችሁ አትዘናጉ። ታቦር ተራራንም ውጡት። አጭር ነው፣ ከላይ ሐይቁና ከተማው አንድ ላይ ይታያሉ። ማታ ማታ ሰው ሁሉ የሚንሸራሸረው ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ነው፤ ለእኔ ጫጫታው በዛብኝ።

በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን ከደረሳችሁ ግን ሌላውን ዕቅድ ሁሉ ሰርዙት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ቀኑ የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ሲናገሩ ስለሆነ፣ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ። ሕዝቡ ሐይቁ ዳር ጉዱማሌ ላይ ይሰበሰባል። ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። ቡርሳሜ በቅቤ የራሰ ቆጮ ነው፤ ከእርጎ ጋር ሲበላ እስከ ማታ አያስርብም። ከበዓል ውጭም የሲዳማ ባህላዊ ምግብ ቤቶች ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ወንዶ ገነት ሂዱ። መንገዱ በሻሸመኔ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩትን ራስ ተፈሪያውያን ሰፈር፣ ጃማይካን፣ በዚያው ማየት ይቻላል፤ ሳትጠይቁ ሰው ፎቶ አታንሱ እንጂ። ወንዶ ገነት ፍል ውሃው ከተራራው ሥር ይፈልቃል። ምንጩ ጋ ድንች የሚቀቅሉ ልጆች አሉ፣ በጨው ይበላል። ፎጣና ነጠላ ጫማ ከሀዋሳ ይዛችሁ ውጡ።