በአጫጭር ዓምዶች የተገኘ ከፍታ

ፍራንክፈርትና አካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ተሰባስበን ስፔንን ጎበኘን። ማድሪድ ላይ አውቶቡስ ይዘን ቶሌዶን፣ ኮርዶባን፣ ሴቪያን፣ ግራናዳንና ሴጎቪያን አዳረስን። አስጎብኚያችን የነገሥታቱን ታሪክ ስትተርክ የኔ ዓይን የሚሄደው ወደ ዓምዱና ወደ ግድግዳው ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ ለዓመታት የሠራሁት በግንባታ መሐንዲስነት ነው፤ ስለዚህ የምጽፈውም ስለ ግንቡ ነው።

ልቤ የቀረው ኮርዶባ ነው። ታላቁ መስጊድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ780ዎቹ፣ በከተማይቱ ሙስሊም ገዢ በቀዳማዊ አብዱራህማን ዘመን ሲጀመር ግንበኞቹ ከፈረሱ የሮማውያንና የቪሲጎቶች (ከሙስሊሞቹ በፊት ስፔንን የገዙ ሕዝቦች) ሕንፃዎች ዓምድ ለቅመው አመጡ። ዓምዶቹ ግን አጫጭር ናቸው። ያን ያህል ሰፊ አዳራሽ ጣሪያው ዝቅ ካለ ይጨልማል፣ አየርም ያጥረዋል። ምን አደረጉ? በየዓምዱ ራስ ላይ ሌላ የድንጋይ ምሰሶ አቆሙ። ጣሪያውን የሚሸከመውን ቅስት በምሰሶዎቹ አናት ላይ ገነቡ፤ ከሥሩ ደግሞ ሁለተኛ ቅስት ዘረጉ። የታችኛው ቅስት ምንም ግድግዳ አልተጫነውም፤ ከበላዩም ከበታቹም ክፍት ነው። ሥራው ምሰሶዎቹ ወደ ጎን እንዳይንገዳገዱ አያይዞ ማቆም ነው። ቀይ ጡብና ነጭ ድንጋይ እየተፈራረቁበት ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ይቀጥላል። ቀረብ ብሎ ላየው የአንዱ ዓምድ ቀለም ከጎረቤቱ አይገጥምም፤ የዓምዶቹ አናት ቅርጽም እንዲሁ ይለያያል። በየዘመኑ እየተስፋፋ ሄዶ ዛሬ ከ850 በላይ ዓምዶች አሉት። እጥረትን በዚህ መልክ ያሸነፈ ሌላ ሕንፃ አይቼ አላውቅም።

ከተማይቱ በ1236 በክርስቲያኖች እጅ ስትገባ መስጊዱ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ በ1523 ደግሞ መሐሉን ከፍተው ካቴድራል መገንባት ጀመሩ። እዚህ ላይ ቡድናችን ተከራከረ። በዕድሜ የምናከብራቸው አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ጸሎት ባይደረግበት ኖሮ ይህን ጊዜ ፍርስራሽ ነበር» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ የሚጠቀምበት ያጣ ቤት ድንጋዩ ለሌላ ሥራ ይወሰዳል። ቢሆንም የተነሱት ዓምዶች ያሳዝኑኛል፤ አሁንም ድረስ ያሳዝኑኛል። ለዚህ ሁሉ የተመደበልን ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም ነበር፤ ይህ አግባብ አይደለም።

ሴቪያ የጂራልዳን ማማ ወጣን። በ1198 እንደ መስጊድ ሚናራ የተጠናቀቀ ሲሆን የደወሉ ክፍል በ16ኛው መቶ ዘመን የተጨመረ ነው። ውስጡ በደረጃ ፋንታ ፈረስ የሚያስወጣ ሰፊ ዳገታማ መንገድ አለው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እኚያው እናታችን ቀስ እያሉ እስከ ደወሎቹ ደረሱ፤ ደረጃ ያገኙት መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው ሕንፃ ለአረጋውያን ከብዙ አዳዲስ ሕንፃዎች የተሻለ ተመቸ።

የግራናዳው የአልሃምብራ ምሽግና ቤተ መንግሥት ደግሞ ለሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ ባሳየው የምመኘው ነው። የውጭ ግንቡ በአብዛኛው አፈር ነው፤ በሳንቃዎች መካከል ከኖራ ጋር ተደባልቆ በንብርብር የተጠቀጠቀ አፈር። ውስጥ ሲገቡ ዓይን የሚያፈዘው ጌጥ ከሞላ ጎደል ጂፕሰም፣ የሸክላ ንጣፍና እንጨት ነው። «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» የሚለው ግራናዳን የገዙት የናስሪ ነገሥታት ቃል በግድግዳው ላይ ደጋግሞ ተቀርጿል፤ የመጨረሻው ንጉሥ ከተማይቱን ያስረከበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 2 ቀን 1492 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከውጭ የመጣ እብነ በረድና መስታወት ካልተለጠፈበት ሕንፃው ያላማረ የሚመስላቸው ባለቤቶች ስንት ጊዜ ተከራክረውኛል! በአልሃምብራ ውስጥ ያለውን የአንበሶቹን አደባባይ አብረን ቆመን ብናየው ደስ ባለኝ።

ቶሌዶ በጥድፊያ አለፈች። ኤል ትራንሲቶ በተባለው የ14ኛው መቶ ዘመን ምኩራብ ግን የዕብራይስጥ ጽሑፍ በአረቦች የጂፕሰም ቅርጽ ተከብቦ አየሁ። ሴጎቪያ የሮማውያን የውኃ መተላለፊያ 28 ሜትር ከፍ ብሎ ከተማዋን ያቋርጣል። በግራናይት ድንጋዮቹ መካከል ኖራ የለም፤ ቅስቶቹን ያቆማቸው የድንጋዩ አጠራረብና ክብደቱ ነው።

በቡድን ለመሄድ ያሰባችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ኮርዶባ ስንት ሰዓት እንደተመደበላት ጠይቁ። ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ እንዲጨምሩላችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ተነጋገሩ። የአልሃምብራ ትኬት የናስሪ ቤተ መንግሥቶች መግቢያ ሰዓት ተወስኖ የሚቆረጥ ስለሆነ እሱም አስቀድሞ መያዙን አረጋግጡ።