የመኪናው ኋላ ሲከዳ

ዛሬ ሐዋሳ ፒያሳ፣ ጓደኛዬ ቤት፣ ግራን ቱሪስሞ 7 በሚባለው የመኪና ውድድር ቪዲዮ ጌም ላይ ፖርሽ 911 ስንነዳ አመሸን። አጋዥ የሚባለውን ሁሉ አጥፍተን ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ጎማው በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚያደርገው ትራክሽን ኮንትሮል የለም፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ የለም።

ስፓ ፍራንኮርሻም በሚባለው የቤልጂየም የውድድር መንገድ ላይ ኦ ሩዥ የሚባለውን ኩርባ አልፈህ ሽቅብ ስትወጣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ኋላው ሸርተት ሲል እግር ቶሎ ብሎ ነዳጁን መልቀቅ ያምረዋል። ጉዱ የሚመጣው ያኔ ነው! ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላ ጎማዎች ይቀሉና መሬት መያዝ ያቅታቸዋል። 911 ደግሞ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ አንዴ መዞር ከጀመረ መመለሱ ከባድ ነው።

መላው ነዳጁን ቀነስ አድርጎ መያዝ፣ መሪውን ኋላው ወደሸሸበት በኩል መመለስ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን ቀጥሎ ያለው ይመስለኛል። ጎማው መልሶ ሲይዝ መሪውን ወዲያው ካላቀናኸው በተቃራኒው በኩል ይወረውርሃል።

ጓደኛዬ ማታ ላይ ገባው። ኋላው ሲሸሽ መሪው ራሱ ወደሚፈለገው አቅጣጫ መሳብ ይጀምራል። ጣቶቹን ላላ አድርጎ ተከተለው፤ መኪናው ቀጥ አለ። ደስ ሲል!

ነገ ማታ በዝናብ እንሞክረዋለን። የምትመጡ ጻፉልኝ።