የእማማ የሐምሌ ክፍያ

ዛሬ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ፣ ማንም ሳያዝዘን፣ ዘጠኝ ባልደረቦች ሆነን የአንድ የሴቶች እድር መዝገብ ልናስታርቅ መጣን።

ባለፈው ክረምት የቅርንጫፋችን ሠራተኛ በሙሉ ጅማ ባለው ቦዬ ረግረግ ዳር ችግኝ ሊተክል ወጥቶ ነበር። ካናቴራ ታደለ፣ ስም ተጠራ፣ የቀረ ሰው ከሥራ አፈጻጸም ነጥቡ እንደሚቀነስበት ተነገረ። ፎቶግራፍ ተነሥተን ተመለስን። በጥር በዚያ ሳልፍ አብዛኞቹ ችግኞች ደርቀዋል። ውኃ ሊያጠጣ የተመለሰ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተመለስኩም።

«ሠራተኛው ደንታ የለውም» ሲባል ሰማሁ። ፈጽሞ አልቀበለውም። እነዚሁ ሰዎች ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ይተክላሉ፤ የገጠር ዘመዶቻቸው ቡና ሲደርስ ደቦ ይወጣሉ።

ብድር ክፍል ያለችው ባልደረባችን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ናት። እዚያ ተማሪዎች ወደ ኅብረተሰቡ ወርደው ችግሩን ከነዋሪው አፍ ይሰማሉ፤ ይህ ልማድ አብሯት ቀርቷል። እናም በሰፈሯ ወዳለ የሴቶች እድር ሄዳ ምን እንደቸገራቸው ጠየቀች። መዝገባቸው ተዘበራርቆ፣ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ በሚል ተኮራርፈዋል። ሒሳብ ማስታረቅ ደግሞ የዘወትር ሥራችን ነው።

ገንዘብ ቤት ያለው ወንድማችን በስብሰባ ላይ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ከአንዲት እናት ጎን ተቀምጦ ደረሰኝ በደረሰኝ ሲያገላብጥ ቆየና፣ «እማማ፣ ሐምሌን ሁለት ጊዜ ከፍለዋል» አላቸው። ባለዕዳ ተብለው ወራት አንገታቸውን ደፍተው የኖሩት እናት አለቀሱ፤ መረቁት። ዛሬ ከሁላችን ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው።

አንዱ ለጽድቅ፣ አንዱ ሰው ለመተዋወቅ፣ አንዱ ለሥራ እድገት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ የማንንም ምክንያት አልንቅም። የምፈራው ሌላ ነው። ሥራ አስኪያጃችን በቅን ልብ፣ ነጥብ ሊጨምርልን፣ የመጡትን ስም ላክልኝ ብለውኛል። ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ እንቆቅልሽ ለመፍታት ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቆም በራሳቸው ጊዜ እንቆቅልሹን የመሞከር ፍላጎታቸው ቀንሶ ነበር። ገንዘብ ቤቱ ወንድማችን የእማማን ምርቃት በነጥብ እንዲለካው አልፈልግም።

ሰኞ ቢሯቸው ገብቼ ስም መላኩ እንዲቀርልን እለምናቸዋለሁ። ይልቅ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ቢለቁን ትልቅ ውለታ ነው፤ ገና ያልተነካ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ደረሰኝ አለ።