ለአሸዋ የሠራሁት የዓሣ ማጥመጃ ጋሪ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ የተዘረጋውን ረጅም ድልድይ ተሻግሬ አሳቲግ ደሴት እስክደርስ ሦስት ሰዓት ያህል እነዳለሁ፤ ይህ መንገድ ግን አሰልችቶኝ አያውቅም። የሚያሰለቸኝ መኪናዬን ካቆምሁ በኋላ ያለው ጥቂት መቶ እርምጃ ነው። በደሴቲቱ አሸዋ ላይ መኪና መንዳት የሚቻለው ልዩ ፈቃድ አውጥቶ ለዚሁ በተከለለው ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ እኛ የቀረነው ዕቃችንን ተሸክመን የአሸዋውን ጉብታ እየወጣንና እየወረድን ወደ አትላንቲክ ዳር እንሄዳለን። በረዶና መጠጥ የሞላበት ሣጥን ብቻውን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ 12 ጫማ የሚረዝሙት ሁለት ዘንጎች፣ የመንጠቆውና መንጠቆውን የሚያሰምጠው እርሳስ ሣጥን፣ ባልዲው፣ ወንበሮቹና ጃንጥላው ሲታከሉበት ጠቅላላው 40 ኪሎ ይሞላል። ይህን ሁሉ በሦስት ምልልስ አጓጉዤ ስጨርስ መንጠቆ የምወረውርበት ክንድ አይቀረኝም ነበር።

የመጀመሪያውን ጋሪ የሠራሁት ከቤቴ ጓሮ ሳልወጣ ነው፤ ስሕተቱም የመጣው ከዚያው ነው። ዕቃ ማመላለሻ ጋሪዎች ላይ የሚገጠሙትን፣ ስፋታቸው ከመዳፍ የሚያንስ ባለ 10 ኢንች ጎማዎች ገዝቼ፣ ጎናቸው ላይ የተጻፈውን ያህል ነፋሁና ከእንጨት ማዕቀፍ ሥር አሰርኋቸው። በሣሩና በአስፋልቱ ላይ በአንድ ጣት ይጎተት ነበር። ባሕሩ ዳር ስንደርስ ግን ጎማዎቹ መሽከርከራቸውን ትተው አሸዋውን እንደ ማረሻ ይሰነጥቁት ጀመር፤ አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬም ከኋላ ሲገፋ ቆይቶ በመጨረሻ ሣጥኑን በትከሻው አንሥቶ ሄደ።

ነገሩን ቤት ተመልሼ በወረቀት ላይ ሳሰላው ምክንያቱ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። የጎማ ግድግዳ ራሱ የሚሸከመውን ጥቂት ክብደት ብንተወው፣ ጎማ መሬትን የሚጫነው በውስጡ ባለው አየር ግፊት ልክ ነው። ጋሪው ከነጭነቱ 50 ኪሎ ቢሆን ለአንዱ ጎማ 25 ኪሎ ይደርሰዋል። 30 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ኪሎ ገደማ ስለሚሸከም፣ መሬቱን የሚነካው በ12 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከክብሪት ቀፎ ፊት አይበልጥም። ግፊቱ ወደ 6 ፒ ኤስ አይ ሲወርድ የሚነካው ስፋት አምስት እጥፍ ሆኖ ወደ 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አሸዋን የሚያሸንፈው እንግዲህ የጎታቹ ጉልበት ሳይሆን የጎማው መለስለስና መስፋት ነው። ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ጎሚስታ ጎማን በጡጫ እየመታ «ድንጋይ ሆኗል፣ ጥሩ ነው» ሲል እየሰማሁ ስላደግሁ፣ አየር ማስተንፈስ የሚጠቅምበት ቦታ መኖሩን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል።

ለአሸዋ ተብለው የሚሠሩ፣ ፊኛ የሚመስሉ ወፋፍራም ጎማዎች በገበያ ላይ አሉ፤ ግን የአንዱ ጥንድ ዋጋ የቀረውን ጋሪ ሁሉ ወጪ በብዙ ስለሚበልጥ አልፌአቸዋለሁ። በምትካቸው ግንበኞች ሲሚንቶ የሚገፉበትን የእጅ ጋሪ ጎማ፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን፣ ሁለት ገዛሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ አየሩን ወደ 6 ፒ ኤስ አይ አወርደዋለሁ። ከዚያ በታች ስሞክር ጎማው በማዘንበያ ቦታ ከቸርኬው ሊወጣ ስለደረሰ እዚያው አቁሜአለሁ።

ከጎማው ቀጥሎ የፐርኖው፣ ማለትም ሁለቱ ጎማዎች የሚሽከረከሩበት ብረት፣ ቦታ ነው ዋናው ጉዳይ፤ ይህን ደግሞ ማወቅ የነበረብኝ ገና መርካቶ እያለሁ ነበር። የመርካቶ ጋሪ ገፊ ጭነቱን ደርድሮ ከመነሣቱ በፊት እጀታውን ከፍ ዝቅ አድርጎ ይመዝነዋል፤ ከከበደው አንድ ጆንያ ከእጀታው አርቆ ያዛውራል። እኔ ግን በመጀመሪያው ጋሪ ፐርኖውን ከማዕቀፉ የኋላ ጫፍ ላይ አስሬው ነበር። የማዕቀፉ ርዝመት 90 ሴንቲ ሜትር፣ እጀታው ከዚያ አልፎ የሚወጣው 45 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከጎማዎቹ በላይ ካለው 45 ኪሎ ውስጥ 15ቱን የምሸከመው እኔ ሆንሁ። ፐርኖውን 35 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ባመጣሁት ጊዜ በእጄ ላይ የሚያርፈው ወደ 4 ኪሎ ተኩል ወረደ። ፈጽሞ ወደ ባዶ ማውረድም ይቻል ነበር፤ ሆኖም ጉብታውን ስንወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያደላ ጋሪው እጀታውን ከእጅ ነጥቆ ይገለበጣል። በአሸዋ ላይ መግፋት ጎማውን ይበልጥ ስለሚቀብረው፣ እጀታውን የሠራሁት ለመጎተት ብቻ ነው።

ወለሉን በኮምፔንሳቶ ከመሸፈን ይልቅ ጣውላዎችን እያራራቅሁ መታሁት፤ አሸዋውና ውኃው በክፍተቶቹ ይወርዳል። እንጨቱ እንዳይበሰብስ በመዳብ መድኃኒት የተነከረ ዓይነት ስለሆነ ተራ ምስማር ይበላል፤ የባሕሩ ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ብሎኑም ዳዶውም ሮንዴላውም የማይዝግ ብረት ነው። በዚህ ላይ መቆጠብ የሚወድ ሰው ሁለት ጊዜ እንደሚገዛ ከራሴ ኪስ ተምሬአለሁ።

ለዘንጎቹ ማቆሚያ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን ግራጫ የፕላስቲክ ቱቦ መረጥሁ፤ ከነጩ የውኃ ቱቦ ይልቅ ፀሐይን ይችላል። ቁመታቸው 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ቁራጮች ቆርጬ፣ የዘንጉ እግር እንዲያርፍበት በእያንዳንዱ ግርጌ አንድ ብሎን አሻግሬ፣ በጋሪው ኋላ ወደ ውጭ ትንሽ አጋድሜ አሰርኋቸው። ከፊት ቢሆኑ ኖሮ መንጠቆው በጎታቹ ጀርባ ላይ ይወዛወዝ ነበር።

ግራሶን በሚመለከት ግን አሁንም ከራሴ ጋር አልተስማማሁም። በመጀመሪያው ወር ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ እስኪፈስ ድረስ ቀባሁት፤ አሸዋው በግራሶው ላይ ተጣብቆ እንደ ሞረድ ይፈጨው ጀመር። አሁን ከውጭ የተረፈውን ሁሉ በጨርቅ ጠርጌ፣ በግራና በቀኝ ሰፊ ሮንዴላ ገጥሜ፣ ቤት ስገባ በንጹሕ ውኃ አጥባለሁ። ድምፁ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም።

የበረዶውን ሣጥን ክዳን ከማዕቀፉ ጋር የሚያስር ሰፊ ቀበቶም አለኝ። ጭነቱን ከመያዙ በላይ በደሴቲቱ የሚንቀሳቀሱት የዱር ፈረሶች ምግብ ፍለጋ ሣጥን እንዳይከፍቱ ያግዳል፤ እነርሱ ደግሞ ሰው ስላየ የሚያፍሩ አይደሉም።

እጀታው ከመኪናዬ የኋላ ሣጥን ስለሚተርፍ በሁለት ብሎን የሚፈታ አድርጌዋለሁ። በግንቦት አንድ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ነድቼ ከደረስሁ በኋላ ብሎኖቹን ጓሮዬ ጠረጴዛ ላይ መርሳቴን አወቅሁ፤ ያን ቀን ጋሪውን የጎተትሁት በገመድ ነበር። አሁን ሁለቱም ብሎኖች በወፍራም የመንጠቆ ክር ከማዕቀፉ ጋር ታስረው ይንጠለጠላሉ።